እቅፉና ሰይፉ፦ የሮማ ግዛት አከፋፈልና የድሬዳዋ አሣሣል

የጥንት ሮማውያን ግዛታቸውን እንዴት እንደ ከፈሉ የሚተርኩ የመማሪያ መጻሕፍት ነገሩን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ እ.ኤ.አ. በ395 ሲሞት ምሥራቁን ለበኩር ልጁ ለአርቃዴዎስ፣ ምዕራቡን ለታናሹ ለአኖሬዎስ አወረሰ ይላሉ። ርስት ሲካፈል፣ በርስትም ሲካሰስ ለኖረ ኅብረተሰብ ይህ አተራረክ ለጆሮ አይከብድም። አባት ሞተ፤ ልጆች ተካፈሉ፤ ወንድማማቾች ተኳረፉ፤ ቤት ፈረሰ። ለተውኔት ጸሐፊም እጅግ ምቹ ነው። ሁለት ዙፋን፣ ሁለት ወራሽና በመካከላቸው ነገር የሚያመላልስ አንድ ተንኰለኛ ባለሟል ካገኘ መጋረጃውን ሊከፍት ይችላል።

ችግሩ ታሪኩ እንዲህ አለመሆኑ ነው። የሮማ ግዛት በአንድ ሌሊት አልተከፈለም፤ በአንድ ሰው ኑዛዜም አልተከፈለም። አከፋፈሉ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ፣ ሲጀመርም አንድነትን ለማዳን ተብሎ የተጀመረ ሥራ ነበር። ስለ መከፈል የሚጽፍ፣ የሚሥል ወይም የሚዘፍን ከያኒ ሥራው የሚመዘነው ይህን ዝግ ያለ ሂደት ለማሳየት በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው። መመዘኛው ለሮማ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ከዚራና መጋላ ተብላ ለተቆረቆረችው ለድሬዳዋ፣ ስለ ድሬዳዋም ለተዘፈነውና ለተሣለው ሁሉ ያገለግላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሮማውያን ራሳቸው የመከፈላቸውን ነገር በጥበብ እንዴት እንደ ቀረጹት፣ ቀጥሎም ነገሩ በእውን እንዴት እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለድሬዳዋ ከያኒ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ መመርመር ይገባል።

አራቱ ነገሥታት በድንጋይ

በኢጣልያ አገር፣ በቬኔዚያ ከተማ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማእዘን ላይ የተተከለ አንድ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ከወጣ ሐምራዊ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ጐልማሳ ደረት ብዙም አያልፍም። አራት የጦር ልብስ የለበሱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው ቆመዋል። አብዛኞቹ የጥበብ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት እነዚህ ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስና ሦስቱ የሥልጣን ተካፋዮቹ ናቸው። ቅርጹ ቀድሞ በቁስጥንጥንያ ነበር፤ የመስቀል ጦረኞች እ.ኤ.አ. በ1204 ያችን ከተማ ከዘረፉ በኋላ ወደ ቬኔዚያ ተጋዘ። ከአንደኛው ንጉሥ የጐደለው እግርም ከብዙ ዘመን በኋላ በኢስታንቡል ተቆፍሮ ተገኝቷል። ስለ ሥልጣን ክፍፍል የተጠረበው ሥራ ራሱ ተከፍሎ አካሉ በምዕራብ፣ የእግሩ ስባሪ በምሥራቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ቅርጹን ትኵር ብሎ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የፊቶቹን መመሳሰል ነው። ቀደም ያሉት የሮማ ቀራጮች የአንድን ሰው የግንባር መስመር፣ የአፍንጫ ጉብጠት፣ የጉንጭ መክሳት ሳይቀር አጣርተው ያወጡ ነበር። በዚህ ሥራ ግን አራቱም ሰዎች ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ግንባራቸው የተኰማተረ፣ ቁመታቸው እኩል ነው። ጺም ካላቸውና ከሌላቸው በቀር አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ቀራጩ የሠራው ሰውን ሳይሆን ሹመትን ነው። ለተመልካቹ የሚያስተላልፈው መልእክትም ግልጽ ነው፤ ገዥዎቹ አራት ቢሆኑም ፈቃዳቸው አንድ ነው፤ ሥልጣን ተከፈለ እንጂ ግዛት አልተከፈለም።

ነገር ግን ዓይን ከፊታቸው ወደ እጃቸው ሲወርድ ሌላ ነገር ይታያል። በእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ክንዱን በባልንጀራው ትከሻ ላይ ጥሏል፤ አራቱም ግን የሰይፋቸውን እጀታ ጨብጠዋል። ቀራጩ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት የዘመኑን ቅራኔ በሁለት እጆች ውስጥ አስገብቶታል። እቅፉ የዐዋጁ ቃል ነው፤ ሰይፉ የዐዋጁ ዋስትና ነው። እቅፉን ብቻ የሚያይ ሰው ሥራውን የፍቅር ሐውልት ነው ሊለው ይችላል፤ ሰይፉን ብቻ የሚያይ የጠብ ሐውልት ሊለው ይችላል። ሥራው ታላቅ የሆነው ሁለቱን አጣምሮ በመያዙ ነው።

አከፋፈሉ እንዴት ሆነ

እነዚያን አራት ሰዎች ያቃቀፋቸው ምን ነበር? እ.ኤ.አ. ከ235 እስከ 284 ባለው ግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ በሮማ ዙፋን ላይ ከሃያ የሚበልጡ ነገሥታት ተፈራርቀዋል፤ ከእነርሱም በአልጋው ላይ የሞተው ጥቂቱ ነው። በምሥራቅ አዲሱ የፋርስ ሥርወ መንግሥት በኤፍራጥስ በኩል ይገፋ ነበር። በሰሜን የጀርመን ነገዶች የራይንንና የዳኑብን ወንዞች እየተሻገሩ ይገቡ ነበር። ንጉሡ በምሥራቅ ሲዘምት ሰሜኑ ያለ ንጉሥ ይቀራል፤ ያለ ንጉሥ የቀረው ሠራዊት ደግሞ የራሱን ጄኔራል ያነግሣል። ስለዚህ ሥልጣንን ማካፈል የተጀመረው ከመሳሳት ወይም ከቸርነት አልነበረም፤ ጄኔራሉ ዘውዱን ከመንጠቁ በፊት ቀድሞ ሰጥቶ ለማሰር የተዘየደ ብልሃት ነበር።

የብልሃቱ ባለቤት ዲዮቅልጥያኖስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቈጠራ ዓመተ ሰማዕታት ብሎ የሚጀምረው እርሱ ከነገሠበት እ.ኤ.አ. ከ284 ነው። ይህ ሰው በ286 የጦር ባልደረባውን መክስምያኖስን በምዕራቡ ላይ እኩያው አድርጎ አነገሠ፤ በ293 ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ምክትል ንጉሥ ጨመረ። አራቱ ገዥዎች የተቀመጡት በኒቆሜድያ፣ በሲርሚዩም፣ በሚላኖና በትሪየር፣ ማለትም ለጦር ግንባሮች በቀረቡ ከተሞች ነበር። ከአራቱ መቀመጫዎች አንዷም ሮማ አልነበረችም። ግዛቱ በስሟ የሚጠራው እናት ከተማ የጥንት ሸንጎዋንና ሐውልቶቿን ታቅፋ ቀረች፤ ውሳኔው ግን ከእርሷ ወጥቶ ሄደ።

ዙፋን በበዛ ቍጥር ቤተ መንግሥት ይበዛል፤ ቤተ መንግሥት በበዛ ቍጥር ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢና ወታደር ይበዛል። አውራጃዎቹ እየተሸነሸኑ ቍጥራቸው ወደ መቶ ደረሰ። ግብር በመሬትና በሰው ራስ እየተቈጠረ ተጣለ። በ301 በአራቱ ነገሥታት ስም የወጣው የዋጋ ዐዋጅ ከእህል እስከ ጫማ፣ ከቀን ሠራተኛ እስከ መምህር ያለውን ዋጋና ደመወዝ ሊወስን ሞከረ፤ ገበያው ግን አልታዘዘለትም። በ332 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የጠፋ ገባር ወደ ነበረበት መሬት እንዲመለስ ደነገገ። ከዙፋኑ መካፈል ጀርባ የነበረው እውነት ይህ ነው፤ ሥልጣን ለአራት ሲከፈል ሸክሙ አንድ ትከሻ ላይ፣ በአራሹ ላይ ነበር የወደቀው።

የሥልጣን ተካፋዮቹ መተቃቀፍ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ዲዮቅልጥያኖስና መክስምያኖስ በ305 በገዛ ፈቃዳቸው ከዙፋን ወረዱ። ሥርዓቱ ያለ ደም እንዲተላለፍ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በብሪታንያ የነበረው ሠራዊት የሟቹን ንጉሥ ልጅ ቆስጠንጢኖስን አነገሠ፤ የሰይፉ እጀታም ተሳበ። ጦርነቱ ያበቃው በ324 ቆስጠንጢኖስ ብቻውን ሲቀር ነው። እርሱም በ330 ቁስጥንጥንያን መረቀ። ሲሞት ደግሞ በ337 ግዛቱን ሦስት ልጆቹ ተካፈሉት። በ340 አንደኛው ከወንድሙ ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ በ350 ሁለተኛው በገዛ ሹማምንቱ ዐመፅ ተገደለ፤ ሦስተኛው ቆስጠንስዮስ ተቀናቃኙን በ353 አጥፍቶ ሁሉን ጠቀለለ።

ይህ ክፍፍል የኢትዮጵያን በር አንኳኵቷል። የምዕራቡ ወንድም የእስክንድርያውን ፓትርያርክ አትናቴዎስን ሲደግፍ፣ የምሥራቁ ቆስጠንስዮስ የአትናቴዎስን ተቃዋሚዎች ይደግፍ ነበር። በዚህም ምክንያት የሃይማኖት ክርክሩ የግዛቱን ወሰን ተከትሎ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ቆስጠንስዮስ ብቻውን ከቀረ በኋላ በ356 ገደማ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠየቀ። የደብዳቤውን ቃል ያቈየው ራሱ አትናቴዎስ ነው። ፍሬምናጦስም በኢትዮጵያ ትውፊት ከሣቴ ብርሃን ሰላማ ተብሎ ሲታወስ ይኖራል። ስለዚህ የሮማ መከፈል ከባሕር ማዶ የሚነገር ተረት ብቻ ሳይሆን የአክሱም ቤተ መንግሥት ወገን እንዲመርጥ የተጠየቀበት ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በ364 ሁለት ወንድማማቾች፣ ዋሌንጢንያኖስና ዋሌንስ፣ ጄኔራሎቹን፣ ሠራዊቱንና የቤተ መንግሥቱን ሹማምንት ሳይቀር ተካፍለው ተለያዩ። የ395ቱ ክፍፍል ሲመጣ መንገዱ አስቀድሞ የተረገጠ ነበር። አርቃዴዎስ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ አኖሬዎስ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ሥልጣኑ በእውነቱ የነበረው በሞግዚቶቻቸውና በጄኔራሎቻቸው እጅ ነው። ያም ሆኖ ማንም ሁለት መንግሥት ተመሠረተ ብሎ አላወጀም። ሕግ በሁለቱም ነገሥታት ስም ይወጣ ነበር፤ የዓመቱ መጠሪያ የሆኑት ሁለቱ ታላላቅ ሹማምንትም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ ይሾሙ ነበር።

ታዲያ ክፍፍሉን የማይመለስ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱ ያለው ከዙፋኑ አዳራሽ ይልቅ በእህል ጐተራው ነው። ዙፋኑ በ293 ለአራት ተከፍሎ በ324 ገጥሟል፤ በ337 ለሦስት ተከፍሎ በ353 ገጥሟል፤ በቴዎዶስዮስ ዘመን መጨረሻም ለጥቂት ወራት ገጥሟል። የዙፋን ስንጥቅ የሚጠገን ነበር ማለት ነው። የእንጀራ ስንጥቅ ግን አልተጠገነም። ከ330 በኋላ የግብፅ እህል ወደ ቁስጥንጥንያ ሲጫን፣ ሮማ በዋናነት በሰሜን አፍሪካ እህል ላይ ቀረች። ግብፅ፣ ሶርያና ታናሽ እስያ ከነከተሞቻቸውና ከነንግዳቸው በምሥራቁ ወገን ነበሩ። በምዕራቡ ደግሞ እጅግ ሰፋፊ መሬት የያዙት የሸንጎ ቤተሰቦች ግብሩን ከራሳቸው ላይ እየገፉ፣ ለሠራዊት የሚፈለገውን ገባር እየደበቁ የመንግሥቱን ካዝና አራቈቱት። በ439 የቫንዳሎች ንጉሥ ጋይሰሪክ ካርታጎን ሲይዝ ምዕራቡ እህሉንም ግብሩንም ባንድነት አጣ። በ468 ሁለቱ ወገኖች ተባብረው ያዘመቱት ታላቅ የመርከብ ጦር በእሳት ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ምዕራቡ ለወታደሩ የሚከፍለው አልነበረውም። በ476 ኦዶአከር የመጨረሻውን ልጅ ንጉሥ አውርዶ የንግሥና ምልክቶቹ ወደ ቁስጥንጥንያ ሲላኩ፣ ምዕራቡ የተለየ ንጉሥ እንደማያስፈልገው አብሮ ተነገረ። ምሥራቁ እስከ 1453 ቈየ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሥልጣንን ለአሠራር ማካፈል በራሱ አገር አያፈርስም። አገር የሚፈርሰው እህሉ፣ መንገዱና ሸክሙ ሳይታወቅ ተለያይተው ሲያበቁ፣ ከላይ ያለው እቅፍ ግን አንዳች ነገር እንዳልሆነ መስሎ ሲቀጥል ነው።

አማርኛ አንባቢ ሮማን በይበልጥ የሚያውቃት በጐልማሳነቷ ነው። ከበደ ሚካኤል በ«አኒባል» ተውኔታቸው ወደ መድረክ ያመጧት ሮማ ከካርታጎ ጋር የምትታገለው ብርቱዋ ሮማ ናት። ስታረጅና ስትሰነጠቅ ያለችው ሮማ ለተውኔት ጸሐፊ የበለጠ ታስቸግራለች፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ዋናው ተዋናይ አንድ ጀግና ሳይሆን የእህል መርከብ፣ የግብር መዝገብና የጠፋ ገባር ነው። ይህን ችግር በመሸሽ ሁሉን በሁለት ወንድማማቾች ጠብ የሚያሳብብ ጸሐፊ ለተመልካቹ እንባ ይሰጠው ይሆናል፤ ማስተዋልን ግን አይሰጠውም።

ደቻቱና ሁለቱ ሰፈሮች

ድሬዳዋ ግዛት አይደለችም፤ አንዲት ከተማ ናት። ነገር ግን አወላለዷ የመከፈልን ጥያቄ ከብዙ ከተሞች አጉልቶ ያሳያል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣቱ ተራራው የሚጠይቀው ወጪ ከፍተኛ ስለሆነ ቀረና በቈላው ሜዳ ላይ አዲስ ጣቢያ ተተከለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለው ይህ ጣቢያ ድሬዳዋ ሆነ። ከደቻቱ በስተ ምዕራብ ያለውን ከዚራን የኩባንያው መሐንዲሶች በቀጥተኛ ጐዳናና በዛፍ ጥላ ነደፉት፤ በስተ ምሥራቅ ያለው መጋላ ግን በገበያው ዙሪያ፣ በነዋሪው እጅ፣ ጠባብ መንገዱን እያጠማዘዘ አደገ።

በዚያው ዘመን በሌላ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ካርታ ይሣል ነበር። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሎንዶን ተፈራርመው ኢትዮጵያን ለየጥቅማቸው በዞን ተከፋፈሉ። የዓባይ ተፋሰስ የእንግሊዝ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘው ምድር የኢጣልያ፣ የባቡሩ መስመር አካባቢ የፈረንሳይ ጥቅም ተባለ። የውሉ ቃል የኢትዮጵያን አንድነት ስለ መጠበቅ ይናገራል፤ ይዘቱ ግን አንድነቱ የሚናጋበት ቀን ቢመጣ ማን የቱን እንደሚይዝ የሚያመለክት ነው። ይህ የቬኔዚያው ቅርጽ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ማለት ነው፤ ክንድ በትከሻ፣ እጅ በሰይፍ። ምኒልክም ውሉ በሉዓላዊ ሥልጣናቸው ላይ ገደብ እንደማያደርግ አስታወቁ። በዚህ ካርታ ላይ የከዚራ ጣቢያ የከተማ እምብርት ብቻ አልነበረም፤ የሌላ መንግሥት የጥቅም መስመር ምልክትም ነበር።

ይሁንና በከተማዋ ውስጥ የሆነው ካርታው እንደሳለው አልሆነም። ምክንያቱ በሮማ ታሪክ ውስጥ የተገኘው ራሱ ነው፤ እንጀራው አልተከፈለም። ከሐረርጌ ደጋ በግመልና በበቅሎ የሚወርደው ቡና በመጋላ ነጋዴ እጅ አልፎ ወደ ከዚራ ጣቢያ ይገባ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ጨርቅና ሸቀጥ ደግሞ ደቻቱን ተሻግሮ በመጋላ ገበያ ይዘረጋ ነበር። ደቻቱ ራሱ አመዛኙን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ወሰን የተባለው ነገር በእውነቱ መንገድ ነበር። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ዐረብኛና የምድር ባቡሩ ፈረንሳይኛ በአንድ ገበያ ውስጥ የተገናኙት ከፍቅር ስብከት የተነሣ ሳይሆን አንዱ ያለ ሌላው መሸጥም መግዛትም ስለማይችል ነበር። ፍቅሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከጕርብትናና ከጋብቻ ጋር ነው።

ኪነ ጥበቡ ድሬዳዋን ሲያነሣ ግን በአብዛኛው የሚያሳየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «የፍቅር ከተማ» የሚለው መጠሪያ በዜማው፣ በሥዕሉና በመድረክ መግቢያው ሁሉ ይደጋገማል። የጥላ ዛፍ፣ ቀላል ልብስ፣ የምሽት ነፋስ፣ አንገት ላንገት የተቃቀፉ ሰዎች። መጠሪያው ሐሰት አይደለም፤ ነዋሪው የሚኰራበትና የኖረበት ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው። ቅርጹ ተደጋግሞ ከመነገሩ የተነሣ ፊቶቹን እንደ ቬኔዚያው ሐውልት አንድ ዓይነት አድርጓቸዋል። የሐዲድ ሠራተኛው፣ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዋ፣ የገንደ ቆሬ ወጣትና ከገጠር ከሰል ጭና የምትመጣው ሴት በአንድ ፈገግታ ተተክተዋል። ፍቅራቸው ምን እንዳስከፈላቸው፣ በምን ሥራና በምን ልውውጥ እንደ ተገነባ አይታይም። እጃቸውም አይታይም።

የእጅ አለመታየት ያስከተለውን ጕዳት የቅርቡ ታሪክ አሳይቷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተዋቀረው የአስተዳደር ሥርዓት የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለቱም ለከተማዋ የባለቤትነት ጥያቄ ስላነሡ፣ ድሬዳዋ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅም የራሷን ቻርተር አገኘች። ከዚያም ሥልጣኑ አርባ በመቶ ለኦሮሞ፣ አርባ በመቶ ለሶማሌ፣ ሃያ በመቶ ለቀረው በሚል ቀመር ለዓመታት ሲከፋፈል ኖሯል። የቀመሩ ዓላማ እንደ ዲዮቅልጥያኖስ ብልሃት ጠብን መከላከል እንደ ነበረ አይካድም፤ ለተወሰነ ጊዜም ሚዛን ጠብቋል። ነገር ግን ወንበርን የሚቈጥር ቀመር ሥራ አጥነትን፣ የውኃ እጥረትንና የባቡሩን መዳከም አይቈጥርም። በጥር 2011 ዓ.ም. ወጣቶች ቀመሩ ይነሣ ብለው አደባባይ ወጡ፤ በጥር 2012 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል ሰሞን ግጭት ተከሠተ። «የፍቅር ከተማ» የሚለው ዜማ ይህን ሲመጣ ማየት አልቻለም፤ ከደረሰም በኋላ ሊያስረዳ አልቻለም። ድሬዳዋን ያስደነገጣት ግጭቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ራሷ ስትሰማው የኖረችው ዘፈን አለማስጠንቀቁም ጭምር ነው።

ደቻቱም በበኩሉ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደጋው የላከው ጐርፍ ያን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ያለ መጠለያ አስቀረ። ጐርፉ የቀመሩን ወሰን አልጠየቀም። የተራራው ደን ሲመነጠር የተጐዳው ከተሜውም ባላገሩም ነበር። እህልና ሸክም የጋራ እንደሆኑ ሁሉ ጥፋትም የጋራ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ የተውኔት ጭብጥ ማግኘት ያስቸግራል።

አራት የሚለው ቍጥር ሌላ ፍቺ ሲያገኝ

ድሬዳዋ ከእቅፉ ሥዕል የጠለቀ ጥበብ አላፈራችም ማለት ግን አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በከተማዋ የተመሠረተው የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ለዚህ ምስክር ነው። አፍራን በኦሮምኛ አራቱ ማለት ነው፤ ስሙ የቀሎ ልጆች የሆኑትን የአላን፣ የባቢሌን፣ የዳጋንና የኦቦራን ጐሣዎች ያስታውሳል። ስለዚህ በስሙ ውስጥ መከፈል አለ፤ ነገር ግን አራት ከማለቱ በፊት የአንድ አባት ልጆች ይላል። ቡድኑ ኦሮምኛ ዘፈን ከመድረክ በማይሰማበት ዘመን ቋንቋውን ወደ አደባባይ አወጣ፤ በዚህም ከዘመኑ ባለሥልጣናት ጫና ደረሰበት።

ከዚያ ቡድን የወጣው የድሬዳዋ ተወላጅ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ዘፍኗል፤ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስም የብዙ ትውልድ ድምፅ ሆኖ ኖሯል። የዓሊ ቢራ ሥራ ከ«የፍቅር ከተማ» ሥዕል የሚለየው በምኑ ነው? ልዩነቱ ፊቶቹን አለማመሳሰሉ ነው። ኦሮምኛው ኦሮምኛ ሆኖ፣ ሐረሪኛው ሐረሪኛ ሆኖ ይሰማል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁሉም ግን ከአንድ ጕሮሮና ከአንድ ዑድ ይወጣሉ። ሰሚው መተቃቀፍን ሲሰበክለት ሳይሆን መሻገርን ሲሠራ ይሰማል። የገበያው የቋንቋ ልውውጥ የጥበብ ቅርጽ ሆኖ የወጣው በዚህ ሥራ ነው። ከዋጋው ጋር ነው የወጣውም፤ የከለከለው ኃይል፣ የተሰደደው ባልደረባና የናፈቀው አገር በዜማው ውስጥ አሉ።

ከዚህ የሚነሣው ጥሪ ለከያኒውም፣ ለመምህሩም፣ ሕዝብን ለሚያደራጀውም ነው። መምህሩ የሮማን መከፈል ሲያስተምር 395 የሚለውን ቍጥር ከማስጠናቱ በፊት የግብፅ እህል ከ330 በኋላ መንገዱን የቀየረበትን ምክንያት ቢያስረዳ፣ ተማሪው የራሱን ከተማ በሌላ ዓይን ያያል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆኗል፤ ለመቶ ዓመት የከዚራ እምብርት የነበረው የቀድሞው ጣቢያም የቀድሞ ሥራው ርቆታል። ይህ በከዚራና በመጋላ መካከል የነበረውን ልውውጥ ወዴት እንደሚወስደው፣ የማን ትከሻ እንደሚቀልና የማን እንደሚከብድ መመርመር ለአስተዳዳሪው የዕለት ሥራ ነው።

ለተውኔት ጸሐፊውና ለሠዓሊው ደግሞ ጭብጡ ደጃፋቸው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው የቆሙበትን ሸራ ከመጀመራቸው በፊት አንዱ ለሌላው ምን እንደ ሸጠለት፣ ምን እንደ ተበደረ፣ በጐርፉ ሌሊት ማን የማንን ልጅ እንዳወጣ፣ በግጭቱ ቀን ማን በሩን እንደ ከፈተና ማን እንደ ዘጋ ይጠይቁ። መልሱ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይሆንም። ይሁን እንጂ የቬኔዚያውን ድንጋይ ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ቆሞ የሚያናግረው ቀራጩ ከእቅፉ ጋር የእጅና የሰይፉን ነገር ስላላስቀረ ነው። የድሬዳዋም ሥዕል እጆቹን ማሳየት ሲጀምር እቅፉ የበለጠ ይታመናል።